ከመማሪያ ክፍል ወደ ሜዳ፦ የአሠልጣኝ ፖል ብራውን የሙያ ጉዞና የሥልጣኑ ወሰን

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ፉትቦል ታሪክ ለአሠልጣኝነት ሙያ ዛሬ ያለውን መልክ ከሰጡት ሰዎች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰውን የፖል ብራውንን (1908–1991) የሥራ ሕይወት ይመረምራል። ብራውን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በዩኒቨርሲቲና በባሕር ኃይል ቡድኖች በኩል ወደ ሙያዊው ሊግ የደረሰበት መንገድ በቅደም ተከተል ይቀርባል። ጽሑፉ በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል። የመጀመሪያው የአስተማሪነት ዘዴ እንዴት ወደ ሙያዊ ስፖርት እንደገባ ነው። ሁለተኛው ይኸው ዘዴ የጠየቀው የተማከለ ሥልጣን ከቡድን ባለቤትነት ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚከተል ነው። የብራውን ስኬትም ሆነ በ1963 የደረሰበት ስንብት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸው ይታያል።

ቁልፍ ቃላት፦ አሠልጣኝነት፣ የአሜሪካ ፉትቦል፣ የሙያ ታሪክ፣ የውሳኔ ሥልጣን፣ ባለቤትነት

1. መግቢያ

በአሜሪካ ፉትቦል የሚባለው ስፖርት የቀረው ዓለም እግር ኳስ ከሚለው የተለየ ነው። በየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአመዛኙም በእጅ ተይዞ ወይም ተወርውሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ጨዋታው ያለማቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ በሚወስዱ አጫጭር ቅንብሮች የተከፋፈለ ነው። በሁለት ቅንብሮች መካከል ተጫዋቾቹ ቆመው ቀጥሎ የሚያደርጉትን ይወስናሉ፤ አጥቂውን ክፍል በሜዳው ላይ የሚመራውም ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ይህ አቋም ለዕቅድ፣ ለጥናትና ለትእዛዝ ሰፊ ቦታ ይከፍታል። ይሁን እንጂ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሙያዊ ቡድን አሠልጣኞች በዚህ ክፍተት የተጠቀሙት በጥቂቱ ነበር። ብዙዎቹ የሚሠሩት የጨዋታው ወራት ሲደርስ ብቻ ነበር፤ ረዳቶቻቸውም ሌላ መተዳደሪያ ነበራቸው።

ይህን ሁኔታ በመለወጥ ረገድ ከፖል ብራውን ጋር የሚስተካከል ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሕይወቱ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በድሎቹ ብዛት ነው፤ ለሙያው ታሪክ ግን ከድሎቹ ይልቅ የሠራበት መንገድና ያ መንገድ ያስከተለው ግጭት የበለጠ ያስተምራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ማሲሎን፦ የአስተማሪነት መሠረት

ፖል ብራውን መስከረም 7 ቀን 1908 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኖርዎክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ብራውን ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ማሲሎን ተዛወረ። ማሲሎን የብረታ ብረት ፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የፉትቦል ቡድን ደግሞ የነዋሪዎቿ ሁሉ ኩራት ነበር። ብራውን በአካል ቀጭንና ቀላል ቢሆንም በዚሁ ቡድን ኳርተርባክ ሆኖ ተጫወተ። ከዚያም በዚያው በኦሃዮ በሚገኘው በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1930 ተመረቀ።

የመጀመሪያ ሥራው በሜሪላንድ፣ ሰቨርን በተባለ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ወጣቶችን ለባሕር ኃይል አካዳሚ የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ ብራውን በዚያ ለሁለት ዓመታት እያስተማረ አሠልጥኗል። በ1932 ወደ ማሲሎን ተመለሰ። ያ ጊዜ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት፣ በፋብሪካ ከተሞችም ሥራ አጥነት የተስፋፋበት ነበር፤ ቡድኑም ተዳክሞ ነበር። ብራውን በዘጠኝ የጨዋታ ዓመታት 80 ጊዜ አሸንፎ፣ 8 ጊዜ ተሸንፎ፣ 2 ጊዜ አቻ ወጣ። ከ1935 እስከ 1940 ቡድኑ በተከታታይ የኦሃዮ ሻምፒዮን ተባለ። የተመልካቹ ቁጥር ከመጨመሩ የተነሣ ለቡድኑ አዲስ ስታዲየም ተሠራለት፤ ይህ ስታዲየም ዛሬም በብራውን ስም ይጠራል።

ለዚህ ጥናት ከውጤቱ ይልቅ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። ብራውን በሙያው አስተማሪ ነበር፤ በትምህርት መስክ የሁለተኛ ዲግሪ እስከ ማግኘትም ደርሷል። ስለዚህ ፉትቦልን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያዘው። ተማሪው መጀመሪያ ይሰማል፣ በሥዕል ያያል፣ በእጁ ይጽፋል፣ በሜዳ ይሠራዋል፣ በመጨረሻም ይፈተናል። ከዚህም በላይ በከተማይቱ በታችኛው ክፍል የሚማሩ ልጆች ቡድኖች ሁሉ ከዋናው ቡድን ጋር አንድ ዓይነት ቅንብርና አንድ ዓይነት ስያሜ እንዲጠቀሙ አደረገ። አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ቋንቋውን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። የብራውን ሥርዓት በግለሰብ ተሰጥኦ ላይ ብቻ የቆመ አለመሆኑ ከዚህ ጀምሮ ይታያል።

3. ኦሃዮ ስቴትና የጦርነቱ ዓመታት

በማሲሎን ያገኘው ዝና በ1941 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ አደረገው። ዕድሜው ገና 32 ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ደረጃ መሸጋገር እምብዛም ያልተለመደ ሲሆን፣ የክፍለ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኞች ድጋፍ ለሹመቱ ረድቶታል። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ቡድኑ ከአሥር ጨዋታዎች ዘጠኙን አሸንፎ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ተባለ። በ1943 ግን ብዙዎቹ ተጫዋቾች ለጦርነቱ ተመለመሉ። ብራውንም ገና ለግዳጅ ዕድሜ ባልደረሱ ልጆች ተሰልፎ ከዘጠኝ ጨዋታዎች ስድስቱን ተሸነፈ።

በ1944 እርሱ ራሱ በባሕር ኃይል ውስጥ ገብቶ በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የግሬት ሌክስ ማሠልጠኛ የፉትቦል ቡድኑን እንዲመራ ተመደበ። በዚህ ቡድን የሚጫወቱት ወደ ሌላ ግዳጅ እስኪላኩ ድረስ በሠፈሩ የሚቆዩ ወጣቶች ነበሩ። ከሳምንት ሳምንት ሰው በሚለዋወጥበት ቡድን ውስጥ አንድን ሥርዓት ፈጥኖ ማስተማር ግድ ነበር። በ1945 ይህ ቡድን በዘመኑ ኃያል የነበረውን ኖተር ዳምን 39 ለ 7 አሸንፏል። ብራውን በእነዚህ ዓመታት ያያቸውን ተጫዋቾች፣ በራሱም በተቃራኒም ቡድን የነበሩትን፣ በአእምሮው መዝግቦ ያዘ፤ ከጦርነቱ በኋላም ለአዲሱ ቡድኑ የመለመላቸው ከዚሁ መዝገብ ነበር።

4. ክሊቭላንድ፦ ሥርዓት የሆነ አሠልጣኝነት

በ1944 ነባሩን ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ የሚፎካከር አዲስ ሊግ ተመሠረተ። በክሊቭላንድ ከተማ የሚቋቋመው ቡድን ባለቤት ሚኪ ማክብራይድ የተባለ የታክሲ ንግድ ባለሀብት ነበር። ስለ ፉትቦል ብዙ እንደማያውቅ የተረዳው ማክብራይድ ሥራውን ለብራውን ሙሉ በሙሉ ተወለት። በ1945 በተፈረመው ውል ብራውን በዓመት 17,500 ዶላርና ከትርፉ ድርሻ ተመደበለት። ይህ በጊዜው ለአንድ የፉትቦል አሠልጣኝ ከሚከፈለው ሁሉ የላቀ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ክብደት ያለው የተሰጠው ነፃነት ነው፤ ተጫዋች መምረጥ፣ ደመወዝ መወሰን፣ ረዳቶችን መቅጠር የእርሱ ብቻ ሆነ። ቡድኑም በመጨረሻ በስሙ ብራውንስ ተባለ።

በክሊቭላንድ ብራውን የማሲሎንን መማሪያ ክፍል ወደ ሙያዊው ስፖርት አሻገረው። ጎልማሶችና የጦርነት ተመላሾች የሆኑ ተጫዋቾች ወንበር ላይ ተቀምጠው ትምህርት ይከታተሉ፣ ቅንብሮቹን በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ በደብተር ይገለብጡ፣ ፈተናም ይፈተኑ ነበር። አዲስ የሚመጡት የአእምሮ ብቃት መመዘኛ ይወስዱ ነበር። ረዳት አሠልጣኞች ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ቋሚ ሠራተኞች ሆኑ፤ የጨዋታ ፊልም እያዩም ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ ቅንብር ነጥብ ይሰጡ ነበር። ፍጥነት በመቶ ያርድ ሳይሆን በ40 ያርድ እንዲለካ ያደረገው ተጫዋች በጨዋታ ውስጥ በእውነት የሚሮጠው ርቀት ወደዚህ ይቀርባል በሚል ምክንያት ነበር። ከጨዋታ በፊት ባለው ሌሊት ቡድኑ በገዛ ከተማው እንኳ በሆቴል አብሮ ያድር ነበር። ዛሬ በየቡድኑ እንደ ተራ ነገር የሚታዩት እነዚህ ልማዶች በዚያን ጊዜ እንግዳ ነበሩ፤ በአንዳንዶችም ዘንድ መሳለቂያ ሆነዋል።

ውጤቱ መሳለቁን አስቆመ። በአዲሱ ሊግ አራት ዓመታት ውስጥ ብራውንስ ከሻምፒዮናዎቹ ጨዋታዎች ውጭ 47 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ 3 ጊዜ አቻ ወጣ፤ አራቱንም ሻምፒዮናዎች ወሰደ። በ1948 ደግሞ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ከ1949 በኋላ ሊጉ ሲፈርስ ብራውንስ ወደ ነባሩ ሊግ ተቀላቀለ። የነባሩ ሊግ ሰዎች እነዚህ ድሎች በደካማ ተፎካካሪዎች ላይ የተገኙ ናቸው የሚል እምነት ነበራቸው። መስከረም 16 ቀን 1950 ብራውንስ የሊጉን ሻምፒዮን ፊላደልፊያን ከ71,000 በላይ ተመልካች ፊት 35 ለ 10 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 24 ቀን የሎስ አንጀለስን ቡድን 30 ለ 28 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ የድሉ ነጥብ የተቆጠረው ጨዋታው ሊያልቅ 28 ሴኮንድ ሲቀረው ሉ ግሮዛ በመታው ኳስ ነበር። በ1954 እና በ1955 ሁለት ተጨማሪ ሻምፒዮናዎች ተከተሉ። በአጠቃላይ ከ1946 እስከ 1955 በነበሩት አሥር ዓመታት ቡድኑ በየዓመቱ ለፍጻሜ ደርሶ ሰባቱን አሸንፏል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኳርተርባኩ ኦቶ ግራሃም ነበር።

5. የዘር ድንበር

ከ1934 እስከ 1945 በነባሩ ሊግ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ አልተጫወተም። እገዳው በጽሑፍ የሰፈረ ሳይሆን ባለቤቶቹ በዝምታ የተስማሙበት ነበር። በ1946 ይህ ድንበር በሁለት አቅጣጫ ተጣሰ፤ በነባሩ ሊግ የሎስ አንጀለስ ቡድን ኬኒ ዋሽንግተንንና ዉዲ ስትሮድን ሲያስፈርም፣ በአዲሱ ሊግ ብራውን ቢል ዊሊስንና ማሪዮን ሞትሊን አስፈረመ። ይህ የሆነው ጃኪ ሮቢንሰን በዋናው የቤዝቦል ሊግ ከመጫወቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው።

ብራውን በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ዘመቻ መሪ አልታየም። ዊሊስን ከኦሃዮ ስቴት፣ ሞትሊን ከማሲሎን ጎረቤት ከካንተንና ከግሬት ሌክስ ያውቃቸው ነበር፤ የቀጠራቸውም ጨዋታ ስለሚያሸንፉለት ነው። በማሲሎንም ሆነ በኦሃዮ ስቴት ጥቁር ተጫዋቾችን ሲያሰልፍ ቆይቷል። ነገር ግን የሥርዓቱ ብርታት ለብቻው በቂ አልነበረም። በ1946 ቡድኑ በፍሎሪዳ ማያሚ ሲጫወት በዚያ ክፍለ ግዛት የነበረው የዘር መለያየት ሁለቱን ተጫዋቾች ከሰልፍ አስቀርቷቸዋል። በሜዳ ላይም ተቃራኒዎቻቸው በስድብና በጫማ ጥርስ ያጠቋቸው ነበር። ዊሊስና ሞትሊ ሁለቱም በኋላ በፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ገብተዋል። ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር ሰውን በችሎታ ብቻ የሚመዝን አሠራር በራሱ የተሟላ ፍትሕ ባይሆንም፣ ፍትሕ የሚገባበትን በር ሊከፍት መቻሉ ነው።

6. የውሳኔው ባለቤት

የብራውን ሥርዓት በአንድ ነጥብ ላይ ከተጫዋቾቹ ጋር ዘወትር ይጋጭ ነበር። በዘመኑ ልማድ ቀጣዩን ቅንብር የሚመርጠው ኳርተርባኩ ነበር። ብራውን ግን ምርጫውን ወደ ራሱ ወሰደ፤ ጋርድ የሚባሉ ሁለት ተጫዋቾች እየተፈራረቁ የእርሱን ትእዛዝ ወደ ሜዳ እንዲያደርሱ አደረገ። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ በኋላ የፒትስበርግ ስመ ጥር አሠልጣኝ የሆነው ቻክ ኖል ነበር። በ1956 ብራውን አንድ እርምጃ ጨምሮ በኳርተርባኩ የራስ ቁር ውስጥ ሬዲዮ አስገጠመ። የሊጉ ኮሚሽነር መሣሪያውን ብዙም ሳይቆይ አገደው፤ ሊጉ ተመሳሳይ መሣሪያ የፈቀደው ከ38 ዓመታት በኋላ በ1994 ነው።

ግራሃም ከ1955 በኋላ ሲሰናበት ቡድኑ በ1956 በብራውን ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከድሉ ሽንፈቱ በለጠ። በ1957 ጂም ብራውን የተባለው ታላቅ ሯጭ መጣ፤ ቡድኑም እንደገና አንሰራራ፤ ሻምፒዮና ግን አልተመለሰም። በተጫዋቾቹ በኩል የአሠልጣኙ ስልት ሊተነበይ የሚችል ሆኗል፣ ጠባዩም ቀዝቃዛ ነው የሚል ቅሬታ አደገ። ደመወዝ የሚደራደረውም፣ በነጋታው ነጥብ የሚሰጠውም፣ የሚያሰናብተውም ያው አንድ ሰው በመሆኑ ቅሬታው የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረም።

በመጋቢት 1961 አርት ሞዴል የተባለ የኒው ዮርክ የማስታወቂያና የቴሌቪዥን ሰው ቡድኑን ወደ አራት ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ብራውን ራሱ በነበረው አነስተኛ ድርሻ ከሽያጩ ተጠቅሟል። የቀደሙት ባለቤቶች በሥራው ጣልቃ ገብተው አያውቁም ነበር፤ ሞዴል ግን ከተጫዋቾቹ ጋር የሚቀራረብ፣ የገዛውንም ለመምራት የሚፈልግ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግጭቱ ፈነዳ። በ1961 መጨረሻ ብራውን ሞዴልን ሳያማክር ቦቢ ሚቼልን ለዋሽንግተን ሰጥቶ የኧርኒ ዴቪስን የማስፈረም መብት ተቀበለ። ዴቪስ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የጂም ብራውንን ፈለግ የተከተለ፣ የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የተባለ ወጣት ነበር። በ1962 በጋ ግን የደም ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በሽታው ለጊዜው ጋብ ሲል ሞዴል ወጣቱ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንዲታይ ፈለገ፤ ብራውን እንቢ አለ። ዴቪስ አንድም ሙያዊ ጨዋታ ሳይጫወት ግንቦት 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ክርክር በዋናነት የሕክምና ይመስላል፤ በውስጡ ግን የቡድኑ የመጨረሻ ቃል የማን ነው የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ ቀድሞ መጣ። በጥር 1963 ሞዴል ብራውንን አሰናበተው፤ በውሉ የቀሩት ዓመታት ደመወዝ ግን ይከፈለው ነበር። የከተማይቱ ጋዜጦች በወቅቱ በሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ ስንብቱ ሊያስነሣ ይችል የነበረው ክርክር በአንባቢው ፊት እንደ ልብ አልተካሄደም። ብራውን በክሊቭላንድ 17 ዓመታት ከፍጻሜ ጨዋታዎች ውጭ 158 ድል፣ 48 ሽንፈትና 8 አቻ አስመዝግቦ፣ በስሙ ከሚጠራው ቡድን ወጣ። የቀድሞ ረዳቱ ብላንተን ኮሊየር ተተክቶ በ1964 ሻምፒዮን ሆነ፤ ያሸነፈው የባልቲሞር ቡድን አሠልጣኝ ዶን ሹላም በብራውን ሥር የተጫወተ ነበር። ሥርዓቱ ከፈጠረው ሰው ተለይቶ መኖር መቻሉ ያን ቀን በግልጽ ታየ።

7. ሲንሲናቲ፦ ትምህርቱን የያዘ አሠልጣኝ

ብራውን አምስት የጨዋታ ዓመታት ያለ ቡድን በካሊፎርኒያ አሳለፈ። በ1967 በፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ተካተተ፤ በዚያው ዓመትም ለሲንሲናቲ ከተማ አዲስ ቡድን እንዲቋቋም ተፈቀደ። በዚህ ጊዜ ብራውን በተቀጣሪነት ብቻ አልገባም። ከባለድርሻዎቹ አንዱ ሆኖ የመወሰን ሥልጣኑን አስቀድሞ አስከበረ። ቤንጋልስ የተባለው ቡድን በ1968 መጫወት ጀመረ፤ በሦስተኛው ዓመቱ በ1970 የምድቡ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሲንሲናቲ የቀድሞ ቡድኑን ክሊቭላንድን 14 ለ 10 አሸንፏል። ብራውን ከ1975 የጨዋታ ዓመት በኋላ አሠልጣኝነቱን ሲተው በሲንሲናቲ የነበረው ውጤት 55 ድል፣ 56 ሽንፈትና 1 አቻ ነበር፤ ከባዶ የተነሣ ቡድን በመሆኑ ቁጥሩ ከክሊቭላንዱ ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

በመተካካቱ ጊዜ ብራውን የወሰደው እርምጃ ግን ከሞዴል ውሳኔ የማይተናነስ መዘዝ ነበረው። በቡድኑ የማጥቃት ስልት ዋና ቀማሪ የነበረውን ረዳቱን ቢል ዋልሽን አልፎ ሌላውን ረዳቱን ቢል ጆንሰንን ሾመ። ዋልሽ ከሲንሲናቲ ወጣ፤ በኋላም የሳን ፍራንሲስኮ አሠልጣኝ ሆኖ በሲንሲናቲ የጀመረውን በአጫጭር ውርወራ ላይ የተመሠረተ ስልት አዳበረ። ቤንጋልስ በብራውን አስተዳዳሪነት ሁለት ጊዜ ለሱፐር ቦውል ደርሷል፤ በጥር 1982 26 ለ 21፣ በጥር 1989 ደግሞ 20 ለ 16 ተሸንፏል። በሁለቱም ጊዜ ያሸነፈው የዋልሽ ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። ብራውን ነሐሴ 5 ቀን 1991 በ82 ዓመቱ በሲንሲናቲ አረፈ፤ ቡድኑም በልጁ አመራር ቀጠለ።

8. መደምደሚያ

የፖል ብራውን የሙያ ጉዞ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ ወደ ሙያዊ ስፖርት የመጣው እንደ ጡረታ የወጣ ታላቅ ተጫዋች ሳይሆን እንደ አስተማሪ ነው፤ በሊጉ ያተረፈው ለውጥም ከትምህርት ቤት የተወሰደ ነበር። ሁለተኛ፣ ሊማሩት የሚቻል ሥርዓት ሊወርሱትም የሚቻል ነው። ዊብ ዩባንክ፣ ሹላ፣ ኖልና ዋልሽ ሁሉም በእርሱ ሥር ተጫውተው ወይም ሠርተው በየፊናቸው ሻምፒዮን ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም ያሸነፉት እርሱን ራሱን ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ እጅ የሚያደርግ አሠራር ፈጣንና ጠንካራ ቢሆንም፣ ሥልጣኑ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የቆመ እስከሆነ ድረስ በአንድ ቀን ሊወሰድ ይችላል። ብራውን ይህን በክሊቭላንድ ተረድቶ በሲንሲናቲ ባለድርሻ ሆነ፤ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ደግሞ አንድ ችሎታ ያለው ረዳት እንዲሄድ የመፍረዱ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የብራውን ታሪክ ለአሠልጣኝነት ጥናት የሚያቀርበው ጥያቄ እንዴት ይሸነፋል ወይም ይሸነፍበታል የሚል ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትን የሚፈጥረው ሰውና በዕውቀቱ ላይ የሚወስነው ሰው ሲለያዩ ምን ይሆናል የሚልም ነው።